የእህቴ ልጅ ጠመንጃ ሊገዛ ሲል

 እኔ እዚህ ገዳሪፍ ነኝ። ገበያው እንደምታውቁት ነው፤ ዛሬ አላማርርም። ዛሬ የምጽፈው ስለ ጠመንጃ ነው። አትደንግጡ፣ ስለ ወፍ ጠመንጃ ነው፤ ያውም አሜሪካ ስላለ የወፍ ጠመንጃ።

የታላቅ እህቴ ልጅ ዲቪ ደርሶት ሳውዝ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ የምትባል ከተማ ከገባ ስድስት ዓመት ሆነው። ብዙ ሐበሻ ያለባት ከተማ ናት። የሚሠራው ስጋ ፋብሪካ ነው። የሥራ ጓደኞቹ በመከር ዳክዬ፣ በጸደይ ደግሞ ተርኪ ያድናሉ። ሁለት ዓመት በሰው ጠመንጃ አብሯቸው ሲወጣ ቆይቶ የራሱን ሊገዛ ፈለገ። ለእኔ የደወለው ስለ ጠመንጃ አውቃለሁ ብሎ አይደለም። «አክስቴ፣ አንቺ ዕቃ ስትገዢ አትሞኚም» ብሎ ነው። ለእናቱ ያልደወለበትን ምክንያት እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል።

እህቴ ግን መስማቷ አልቀረም። በዚያው ሳምንት ቡና ላይ፣ ፍንጃሉን አስቀምጣ፣ «ከጠመንጃ ሸሽቶ ሄዶ ጠመንጃ ይግዛ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ከተማችን ከካርቱም፣ ከሲንጃ በመጣ ሰው ሞልታለች። ኪራዩ የት እንደደረሰ የምትከራዩ ታውቁታላችሁ። እህቴ ስኳር አለባት። ልጇ በየወሩ የሚልከው ዞሮ ዞሮ በባንካክ ይገባላትና መድኃኒቷ ይገዛል። አንድ ጠመንጃ ስንት ወር መድኃኒት እንደሆነ እኔ ሳልነግራት በልቧ ደምራዋለች።

ስለዚህ ነገሩን እንደ ማንኛውም ግዢ ያዝኩት። ከኮሜርስ ዲፕሎማዬ የቀረልኝ አንድ ነገር ቢኖር ወረቀት ላይ ሁለት መስመር አስምሮ ዋጋና ጥቅም መጻፍ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩ። የወፍ ጠመንጃ 12፣ 16፣ 20 እየተባለ ይጠራል። ልጁ 20 ከ12 የሚበልጥ መስሎት ነበር። ቆርቆሮ የምትሸጡ ወዲያው ይገባችኋል፦ 35 ጌጅ ከ32 ጌጅ የሳሳ ነው አይደል? ጠመንጃውም እንደዚያው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ቱቦው ይጠባል። የድሮው አለካክ አንድ ፓውንድ እርሳስ እኩል 12 ድብልብል ሲሆን የአንዱ ስፋት ባለ 12 ነው፣ ወደ 18 ሚሊ ተኩል። ባለ 20 ደግሞ 15 ሚሊ ተኩል ገደማ ነው። ባለ 20 ቀለል ይላል፣ ርግጫውም ያንሳል። ባለ 12 ግን ብዙ ፍሬ ይይዛል፤ ጥይቱም ገጠር ሱቅ ሳይቀር ይገኛል። መለዋወጫው በቅርብ የማይገኝ መኪና ርካሽ ነው ብዬ ገዝቼ የተቃጠልኩ ሰው ነኝና እዚህ ላይ ብዙ አላቅማማሁም። 12 አልኩት።

ቀጥሎ ፍሬው። አሜሪካ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውሃ ወፍ በእርሳስ ፍሬ ማደን በመላ አገሪቱ ክልክል ነው። ዳክዬ እህሉን በሆዷ የምትፈጭበት ጠጠር ስትለቅም ጭቃ ውስጥ የቀረውን እርሳስ ትውጥና ተመርዛ ትሞታለች። ስለዚህ ለዳክዬ የብረት ፍሬ ግድ ነው። ብረት ከእርሳስ ይቀላል፤ ጉልበቱ ቶሎ ስለሚደክም ፍሬው ተለቅ ማለት አለበት፤ ስለዚህም ረጅም ጥይት ይመረጣል። ጠመንጃው ባለ 3 ኢንች ጥይት የሚጎርስ ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው፤ አጭሩንም ይጎርሳል።

ዳክዬና ተርኪ አንድ ዓይነት አደን አይደለም። ዳክዬ በአየር ላይ ትመታለች፤ ፍሬው በተን ማለት አለበት። ተርኪ ግን አዳኙ ዛፍ ተደግፎ፣ ሳይነቃነቅ፣ በድምፅ እየጠራ የሚጠብቀው ወፍ ነው፤ ከ30 እስከ 40 ሜትር ሲቀርብ አንገቱና ራሱ ላይ ይመታል። ለዚያ ፍሬው መሰብሰብ አለበት። የውሃ ጎማ ጫፉን በጣት ሲያጠቡት ውሃው አይሰበሰብም? የአፈሙዙም ነገር እንደዚያ ነው። ድሮ ለየአደኑ ሌላ ጠመንጃ ወይም ሌላ ቱቦ ያስፈልግ ነበር፤ አሁን አፈሙዙ ላይ የሚጠመዘዝ ጠባብና ሰፊ ማጥበቂያ አለ፣ ይቀያየራል። በአንድ ጠመንጃ ሁለት አደን ማለት ነው። ይህ የሌለውን ጠመንጃ በስጦታም ቢሆን አትቀበል አልኩት።

ዋጋውን እሱ ነው ያጠናው። በራሱ የሚያጎርሰው ውድ ነው። በግራ እጅ ወደ ኋላ ወደ ፊት እየሳቡ የሚያጎርሱት፣ ፓምፕ የሚሉት፣ ርካሽ ነው። ሞስበርግ 500 እና ሬሚንግተን 870 የታወቁት ናቸው። የሞስበርግ ታናሽ ወንድም ማቬሪክ 88 ከ250 እስከ 300 ዶላር አገኘ። የቱርክ ሥሪትም ብዙ አለ። እዚህ ላይ ሳቅን። ተርኪ የሚሉት ወፍ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ስሙ ግን የእኛ የጅግራ ስም ነበር። ፈረንጆቹ ጅግራን በቱርክ ነጋዴዎች በኩል ስላወቋት የቱርክ ዶሮ ይሏት ነበር፤ በኋላ የአሜሪካው ወፍ ሲመጣ ስሟን ወርሶ ቀረ። ዕቃው በአምራቹ ሳይሆን በነጋዴው ስም ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

ጠመንጃ የገዛ ሰው ግን ጠመንጃ ብቻ አይገዛም። የብረት ጥይቱ 25 ፍሬ የያዘው ካርቶን ወደ 20 ዶላር ነው ብሎኛል። ዳክዬ ለማደን ከግዛቱ ፈቃድ ሌላ የፌዴራል ቴምብር 25 ዶላር አለ። ልምምዱም ጥይት ይበላል። ስደምረው የመጀመሪያው ዓመት ወጪ የጠመንጃውን ዋጋ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እሱ ግሪን ካርድ ስላለው መግዛት ይፈቀድለታል፤ ሱቁ ፎርም አስሞልቶ ስሙን አጣርቶ ነው የሚሸጥለት።

(ከእናንተ መካከል «ምን አሜሪካ ድረስ አስኬደሽ፣ ኸርቱሽ እዚሁ አለ» የሚል አይጠፋም። ለእሱ መልሴ አጭር ነው። በእኛ በኩል አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም ማዘዋወርንም ይከለክላል፤ በሱዳንም ያለ ፈቃድ ወንጀል ነው። የአንድ ሰው ዕቃ የሃያ ሰው ጭነት ኬላ ላይ ያሳድራል። ዲንደርና አላጥሽም ፓርኮች ናቸው፣ አደን የለባቸውም። ከእኔ ጋር በአንድ መኪና የሚጭን ሰው ይህን ይወቅልኝ።)

ማቬሪኩን ይገዛል ብዬ ወረቀቴን አጥፌ ነበር። በሦስተኛው ቀን ፎቶ ላከልኝ። ዕቃ አስይዘው የሚበደሩበት ሱቅ ውስጥ ያገኘው አሮጌ ጠመንጃ ነው፤ ጎን ለጎን ባለ ሁለት ቱቦ፣ ሰደፉ ቡናማ፣ ዋጋው 150 ዶላር። ከሥሩ «የአያቴን አይመስልም?» ብሎ ጽፏል።

ይመስላል። እጄ ቀዘቀዘ።

አባቴ ሐዋታ አጠገብ፣ ራሃድ ዳር ባለ የማሽላ እርሻ የትራክተር መካኒክ ነበር። በእኛ በኩል ሽንፋ የምንለው ወንዝ ነው ሲሻገር ራሃድ የሚሆነው። ሱዳኖቹ ጅግራን ጂዳድ አልዋዲ ይሏታል፣ የወንዝ ዶሮ። የተዘራውን ዱራ እየጫረች ታወጣለች፤ በመንጋ ነው የምትመጣው፤ ከመብረር መሮጥ ትወዳለች፤ ሲመሽ ዛፍ ላይ ትሰፍራለች። ባለ እርሻው ሐጂ ጠመንጃ ነበራቸው፣ ፈቃዱም በስማቸው ነው፤ ማታ ማታ ከአባቴ ጋር ይወጡ ነበር። እሳቸው ቢስሚላህ ብለው ይተኩሳሉ። የእኛ ድርሻ የምትሆነውን አባቴ ነፍሷ ሳይወጣ ሮጦ በስመ አብ ብሎ ይባርካታል።

አስር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ዝናቡ አልፎ ወንዙ በየጎድጓዳው ኩሬ ሆኖ ቀርቷል። ያን ማታ ሐጂ ስላልተመቻቸው ጠመንጃውን ለአባቴ ሰጡት። የእኔ ሥራ ጥይቱ የተቀመጠበትን የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይዤ ሲጠይቀኝ ማቀበል ነበር። ጠመንጃው ባለ 12 ነው። ቆርቆሮው ውስጥ ግን ጥቂት ባለ 20 ጥይት ተቀላቅሎ ነበር። ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች እንዳይሳሳት ብለው ባለ 20ን ቢጫ ያደርጉታል፤ ያ ግን እንደ ሌላው ቀይ ነበር። ቀጠን ይላል። በጣቴ ስይዘው ቀጠን ማለቱ ታውቆኛል። ለማንም ያልተናገርኩት ይህንን ነው። ታውቆኝ፣ ዝም ብዬ ሰጠሁት።

አባቴ ዓይኑ ዛፉ ላይ ስለነበር ሳያይ አጎረሰው። ባለ 20 ጥይት ባለ 12 ቱቦ ውስጥ ሲገባ ሸርተት ብሎ ወደ ፊት ሄዶ ይሰነቀራል፤ ከኋላ ሲያዩት ባዶ ይመስላል። ቃታውን ሲስብ ጠቅ ብቻ አለ። ከፈተው፣ ባዶ ነው። «ያላጎረስኩት መሰለኝ» አለና እጁን ዘረጋልኝ። ሌላ ሰጠሁት፤ ይኼኛው ባለ 12 ነበር። ተኮሰ። ቱቦው የተቀደደው ግራ እጁ በያዘበት ቦታ ላይ ነው።

ሁለት ጣቶቹን አጣ። ከዚያ በኋላ መፍቻ እንደ ልቡ መጨበጥ አልቻለም። እናቴ ገዳሪፍ ገበያ ዱራ በሚዛን መቸርቸር ጀመረች፣ እኔም ከሥሯ ቁጭ ብዬ ሂሳብ ተማርኩ። ወደ ንግድ የገባነው እንዲህ ነው። አባቴ እስኪሞት ድረስ ለጠየቀው ሁሉ «ጠመንጃው አርጅቶ ነበር» ይል ነበር፤ ቤተሰቡም ይህንኑ ያውቃል።

ለእህቴ ልጅ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኩት። ዝም አለ። ቆይቶ «ስንት ዓመትሽ ነበር?» አለኝ። አስር አልኩት። «ታዲያ የአስር ዓመት ልጅ ነው እንዴ ጥይት የሚያቀብል?» አለ፤ ከዚያ በላይ አልተናገረም። ስለ አሮጌው ጠመንጃ ግን አስረዳሁት። በብዙዎቹ አሮጌ ጠመንጃዎች ጥይት የሚጎርስበት ክፍል ለዛሬው ጥይት አጭር ነው፤ ጠበብ ያለ አፈሙዝ ያለው አሮጌ ቱቦ የብረት ፍሬ ሲያልፍበት ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል፤ አፈሙዙ ላይ የሚቀያየር ነገርም የለውም። ርካሽ ያደረገው ይኸው ነው። ሌላም ጨመርኩለት፦ አንድ ቤት ውስጥ 12 እና 20 አብረው አይደሩ፤ ጓደኛ የሰጠህ ፍሬ ኪስህ ውስጥ አይቅር፤ ቃታ ስበህ ካልተኮሰ አፈሙዙን ከሰው አዙረህ ትንሽ ጠብቅ፣ ከዚያ ክፈትና ቱቦውን እስከ ጫፉ በብርሃን እይ።

ማታ ለእህቴም ነገርኳት። ለልጁ ነግሬ እሷን ልደብቅ አልቻልኩም። ፊቷን አላዞረችም። «ሁለቱን ካርቶን አንድ ቆርቆሮ ውስጥ የገለበጥኩት እኔ ነኝ» አለች። «እማዬ ካርቶኑን ለእሳት ማያያዣ ስለፈለገችው። እኔ ነኝ እያልኩ ነው የኖርኩት።» ሠላሳ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው፤ በቀን ሦስቴ ቡና አብረን እንጠጣለን።

በነጋታው ራሷ ለልጇ ደወለች። ምን እንደተባባሉ ሙሉውን አልሰማሁም፤ ስለ መቆለፊያ ስትጨቀጭቀው ግን ሰምቻለሁ። ማቬሪኩን ገዛ። የቃታውን ቁልፍ ፎቶ አንስቶ ላከላት። የወሯም ገንዘብ አልጎደለባትም፤ ትርፍ ሰዓት እየሠራ እንደሞላው በኋላ ነው የነገረኝ።

በመከሩ አራት ዳክዬ ተሸክሞ የተነሳውን ፎቶ ልኮ ነበር። እህቴ አላየሁም አለች፤ በእኛ ቤት የውሃ ወፍ አይበላም። በጸደይ ግን ተርኪ ገደለ፣ ጾም ሆኖበት ፍሪዘር ውስጥ ፋሲካን ጠበቀ። ያንን ፎቶ አጉልታ ብዙ አየችው።

«ይህቺ ጅግራ ምን በልታ ነው እንዲህ ያበጠችው?» አለችኝ።