የጎተራ ጠባቂ ድርሻ

በ1820ዎቹ ዓ.ም. በሸዋ ረኀብ በጸና ጊዜ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጎተራቸውን አስከፍተው ሕዝቡን መገቡ። ጎተራ ግን ያለ ጠባቂና ያለ ሰፋሪ አይሆንም፤ እነዚያም ይበላሉ። የዛሬ ለጋሽ ይህን መብል አጥብቆ ይቈጥራል፤ መቍጠሩም አይነቀፍም፥ በድኻ ስም የሚከብር አይጠፋምና። ዳሩ ግን የ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት አዋጅ የአስተዳደር ወጪ ከመቶ 30 እንዳይበልጥ ሲያዝ፥ በመመሪያው ሥራውን ሊመረምር የሚሄደው ሰው አበል ሳይቀር ከዚያው ገባ። ሌባ የሚጠብቀው እንደ ሌባ ተቈጠረ ማለት ነው! የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ልኩን ወደ 20 አውርዶ፥ የሥራ ማስፈጸሚያውን ከአስተዳደር ለየ። የብዙ ሰው አፍ ግን ገና በአሮጌው ቁና ይሰፍራል። ከደብረ ብርሃን የተላከ እህል ከአንኮበር ቁልቁለት በታች ላለችው መበለት መድረሱን፥ ወርዶ ሳያይ ማን ይመሰክራል?