«ዓወት» የሚለው ቃል

በቤት ኅብረታችን ውስጥ ስሙን ሳናውቅ የወደድነው አንድ ዜማ አለ። ያገኘነው ከአንድ ወንድም ስልክ ላይ ነው፤ ቃል የለውም፣ ኦርጋንና ትራምፔት ብቻ። መቀሌ መብራት፣ ስልክና ባንክ በተቋረጠባት በዚያ ጊዜ፣ በሶላር ቻርጅ በምትደረገው በዚያች ስልክ ከጸሎት በኋላ እንሰማው ነበር። ዜማ ሆድ አይሞላም። ቢሆንም ባትሪው ሊያልቅ ሲል እንኳ «እስቲ አንዴ ድገሙት» የሚል አይጠፋም ነበር።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ፣ ቆይቶም ኢንተርኔት ሲመለስ የዜማውን ባለቤት ፈለግን። የጆርጅ ፍሬድሪክ ሄንደል ሆኖ ተገኘ። ጀርመን ተወልዶ ለንደን የኖረው ይህ ሰው፣ ዜማውን የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1748 ለቀረበው «ኢያሱ» ለተባለው ኦራቶርዮ ነው። ቂርያትሤፍርን ይዞ የተመለሰውን ጎቶንያልን ሕዝቡ በዝማሬ ይቀበለዋል፤ ታሪኩን መጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 15 ላይ ታገኙታላችሁ። በኋላ ሄንደል ራሱ «ይሁዳ መቃብዩስ» ወደሚባለው ሌላ ሥራው ጨመረው። ያ ሥራ ደግሞ የእንግሊዙ ንጉሥ ልጅ በ1746 ስኮትላንድ ውስጥ ኩሎደን በተባለ ቦታ ያገኘውን ድል ለማክበር የተዘጋጀ ነበር። በዚያ ሜዳ የወደቁ ቁስለኞች እንኳ አልተማሩም፤ ልዑሉም «አራጁ» የሚል ስም ወጣለት።

በ1884 ኤድሞን ቡድሪ የተባለ የስዊዘርላንድ ፓስተር ለዚሁ ዜማ በፈረንሳይኛ የትንሣኤ መዝሙር ጻፈለት። ጎቶንያል ወጣ፣ ክርስቶስ ገባ።

እኛም ለ2015ቱ ትንሣኤ በትግርኛና በአማርኛ ቃል ልናበጅለት ተቀመጥን። የትግርኛው ስንኝ ማረፊያው «ዓወት» ሆነ፣ ድል ማለት ነው። ልክክ አለልን። ልምምድ ላይ ግን ልጃቸውን በጦርነቱ ያጡ፣ ሁላችንም አደይ የምንላቸው እናት እዚያ ቃል ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ።

«ልጆቼ፣ ይህን ቃል በድምፅ ማጉያ ብዙ ሰምቼዋለሁ» አሉን። «ልጄን የሸኘሁትም እሱ እየተዘፈነ ነው። ዜማውን እወደዋለሁ፤ ቃሉን ግን አፌ እምቢ አለኝ።»

ሁለት ምሽት ተከራከርን። ገሚሶቻችን የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ነውና አይነካም አልን፤ ገሚሶቻችን ይለወጥ አልን። እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንዶቻችንን ያሳዘነን ከእሳቸው ሐዘን ይልቅ የስንኛችን መበላሸት ነበር። ጌታ ይቅር ይበለን።

በሦስተኛው ምሽት ክርክሩን ትተን 1ኛ ቆሮንቶስ 15ን አብረን አነበብን። ጳውሎስ ስለ ድል ሲናገር የሚሸነፈው ሰው አይደለም፤ ሞት ራሱ ነው። ድል ያደረገውም ወግቶ ሳይሆን ተወግቶ ነው፤ ከሞት ተነሥቶ እንኳ ለደቀ መዛሙርቱ ያሳያቸው የተወጋ ጎኑን ነው። በኩሎደን ለንደን ስትዘምር የስኮትላንድ እናቶች ያለቅሱ ነበር። በባዶው መቃብር ደጃፍ ግን የተሸነፈው ወገን እናት የለችም፤ እዚያ ያለቀሰችው መግደላዊት ማርያም ናት፣ እሷም በስሟ ተጠርታ እንባዋ ታበሰ።

አደይ አዳመጡን። ከዚያም «ገብቶኛል ልጆቼ። እናንተ ዘምሩት፤ ለእኔ ግን ጊዜ ስጡኝ» አሉ።

ሚያዝያ 8 ቀን፣ በትንሣኤ ጠዋት፣ ነጠላቸውን ለብሰው ከመካከላችን ቆሙ። መዝሙሩን ከእኛ ጋር ከመጀመሪያው ጀምረው ዘመሩ፤ «ዓወት» ላይ ሲደርሱ ግን አፋቸውን ገጥመው ዜማውን ብቻ አንጎራጎሩት። ዛሬም እንደዚያው ናቸው። እኛም እዚያች ቦታ ስንደርስ የእሳቸው ማንጎራጎር እንዲሰማ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን።