ተጠየቅ!

በሬ በቀንዱ፣ ሰው በአንደበቱ ይያዛል ይላሉ አበው። ብዙዎች ይህን ብሂል አፍ ለማዘጋት ይጠቅሱታል፤ ለእኔ ግን የሙግት ሁሉ መሠረት ሆኖ ይታየኛል። የተናገረ ሰው በተናገረው ካልተያዘ ንግግሩ ከጩኸት በምን ይለያል?

በቀድሞው የበላ ልበልሃ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ቆመው ሲከራከሩ፣ አንደኛው ነገሩን በግጥምና በምሳሌ አዋዝቶ ሲያበቃ «ተጠየቅ!» ይላል። ቃሏን ልብ ብላችሁ አስተውሏት። «ስማኝ» አትልም፤ «ተሸነፍ»ም አትልም። ጥያቄ ቀርቦልሃልና መልስ አለብህ ትላለች። ዳር ሆኖ የሚያደምጠው መንገደኛም ፍረድ ሲባል ይፈርድ ስለነበር የሁለቱንም ወገን ቃል በልቡ መያዝ ነበረበት።

ይህቺ ቃል በእኔ ዕድሜ አንድ ጊዜ ወደ አደባባይ ስትመለስ አይቻለሁ፤ በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ዋዜማ። ያን ጊዜ ከኢሕአዴግ አቶ በረከት ስምዖን፣ ከቅንጅት ዶክተር ብርሃኑ ነጋና አቶ ልደቱ አያሌው፣ ሌሎችም ሌሎችም፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲሟገቱ እኛ የጎፋ ሰፈር ልጆች ቴሌቪዥን ካለው ጎረቤት ቤት እንሰበሰብ ነበር። ከክርክሩ ይልቅ በልቤ የቀረው ከክርክሩ በኋላ የሚሆነው ነው።

አንድ ምሽት የመሬት ጉዳይ ተነሣ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል ሕገ መንግሥቱ፤ ተቃዋሚዎች ደግሞ ገበሬው ባለቤት ይሁን ይላሉ። የቤቱ ጌታ፣ ጡረታ የወጡ አዛውንት፣ «ገበሬው በክፉ ቀን መሬቱን ሽጦ ከተማ ቢገባ የት ይወድቃል?» አሉ። በቀን ሥራ የሚያድር አንድ ወጣት ቀስ ብሎ መለሰ፦ «ጋሼ፣ ያሉት ገብቶኛል። መሬት ከተሸጠ ድሃው ባዶ እጁን ይቀራል ነው የሚሉት። እኔ ግን ልጠይቅዎት፤ ነገ ይወሰድብኛል ብሎ በሚሰጋበት መሬት ላይ ማን ዛፍ ይተክላል?» አዛውንቱ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እስቲ ልደርበት፤ ነገ እመልስልሃለሁ» አሉት። በማግስቱም መለሱለት። አልተስማሙም፤ ነገር ግን ቡናው አብረው ተጠጣ።

ያ ወቅት ንጹሕ ነበር ማለቴ አይደለም። በዚያው ዘመቻ ተቃዋሚዎችን ከሩዋንዳው ኢንተርሃምዌ ጋር ያመሳሰለ ንግግር ከገዥው ፓርቲ ወገን ተሰምቷል፤ ስድብም ከዚህም ከዚያም አልጠፋም። ግንቦት 7 ቀን ድምፅ ተሰጠ። ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። ከዚያ የአገር አቀፉ ውጤት አወዛገበ፤ በሰኔና በቀጣዩ ጥቅምት ጥይት ተተኮሰ። አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ቆጠረ።

ከዚያ በኋላ አዛውንቱ ቴሌቪዥናቸውን ለዜና እንኳ መክፈት ተዉ። «ልጄ፣ ክርክሩ ምን አመጣልን?» አሉኝ አንድ ቀን። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ይህንኑ ትምህርት ወሰደ፤ ሙግት ደም ያመጣል የሚል። ደሙ የፈሰሰው ግን ስንከራከር ሳይሆን ክርክሩ በጠመንጃ ሲቋረጥ ነበር። ይህንን ለእርሳቸው ለመናገር ያን ቀን ቃል አጠረኝ።

ቀጣዮቹ ምርጫዎችም ክርክር አላጡም። የአየር ሰዓት ተደልድሏል፣ ፓርቲዎች ቀርበዋል። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ ሁሉንም ያዙ። መልሱ መቀመጫውን የማያሳጣው ተከራካሪ ለምን ብሎ ይጨነቃል? በ2013 በጦርነት መካከል በተካሄደው ምርጫ ደግሞ ሙግቱ ከሳሎን ወጥቶ በየኪሳችን ገባ። እያንዳንዱ በስልኩ የራሱ ወገን የረታባትን አንዲት ደቂቃ ቆርጦ ያያል፤ የሌላውን መልስ አያይም። ጥያቄ ሲቀርብ «ባንዳ» ወይም «ተላላኪ» የሚል ስም ይለጠፋል፤ ስም የተለጠፈበት ሰው ደግሞ መልስ አይገባውም።

ሆኖም መልስ ያጣ ጥያቄ አይሞትም። በ2008 ዓ.ም. ሰኔ በክፍለ ከተማችን በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በሃና ማርያምና በቀርሳ ኮንቶማ አካባቢ ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። መሬቱ የማን ነው የሚለው ያ የ1997 ጥያቄ በዶዘር ፊት ተመልሶ ቆሞ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ግን «ነገ እመልስልሃለሁ» የሚል አልነበረም።

ዛሬ በየስብሰባው «ተጠያቂነት» የምትባል ቃል እንሰማለን። ግንዷ ያቺው የሙግት ቃል ናት፤ ተጠየቅ። ቅርንጫፉን እየቆረጥን ለጉንጉን እናውለዋለን፤ ሥሩን የሚያጠጣ ግን ከየት ይምጣ? እኔ ከአንድ ነገር በቀር አላውቅም፤ ከመመለሳችን በፊት የተቃዋሚያችንን ነገር፣ እርሱ ራሱ «አዎ፣ ይህንኑ ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ አስተካክለን መድገም። ያ የቀን ሠራተኛ ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ ማንም ሳያስተምረው።