ስለ ጉርሻና ስለ መጠኑ

የአገራችን ሰው እጅግ በተናደደና ባዘነ ጊዜ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ነገር ግን ቆሽት በሆድ ውስጥ በየት በኩል እንዳለ፥ ሥራውም ምን እንደ ሆነ፥ በእውነት ባረረ ጊዜ ባለቤቱን ምን እንደሚያደርገው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥተው በአሜሪካ፥ በቨርጂኒያ ግዛት፥ በሴት ልጃቸው ቤት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ይህን የተማሩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ 7 ኪሎ ከሚመዝን ከአንድ ትንሽ ውሻ ነው እንጂ።

ሽማግሌው በአገራቸው ሳሉ 34 ዓመት አስተማሪ ነበሩ። በዚያ ውሻ የደጅ ጠባቂ እንጂ የቤት ውስጥ ሰው አልነበረም፤ ከምሳ የተረፈው ይጣልለታል፥ እርሱም ሌሊት ይጮኻል፥ በዚህ ዕዳቸው ይቻቻላል። ወደ ልጃቸው ቤት በመጡ ጊዜ ግን ውሻው ከምንጣፍ ላይ ተኝቶ፥ የልጅ ልጃቸውም እንደ ታናሽ ወንድም አቅፋው አገኙ። በመጀመሪያ ተጸየፉት። ዳሩ ግን ልጃቸው ወደ ሥራዋ፥ ሕፃኒቱም ወደ ትምህርት ቤቷ በሄዱ ጊዜ፥ በዚያ ጸጥ ባለ ቤት ከእርሳቸው ጋር የሚቀር ሌላ ፍጥረት አልነበረም። ጎረቤቱ ሁሉ ቋንቋቸውን በማይሰማበት አገር «ና» ሲሉት የሚመጣ፥ «ተቀመጥ» ሲሉት የሚቀመጥ እርሱ ብቻ ሆነ። ልጅቱ ያወጣችለትን ስም ትተው እንደ አገራቸው ልማድ «ቡቺ» አሉት።

በ2016 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ሽማግሌው ሽሮና ምስር ሲበሉ ውሻው በየቀኑ ከማእዱ አጠገብ ይቀመጥ ነበር። ልጃቸው «አባዬ፥ ከገበታ ምንም አይስጡት» ብላ አስጠንቅቃቸዋለች። እርሳቸው ግን ዐይን እያየ ብቻውን የሚበላ ሰው ሆነው ስላላደጉ ያፍሩ ነበር፤ «ግድ የለህም፥ ፋሲካ ይምጣልህ» ይሉታል። ሚያዝያ 27 ቀን ፋሲካ ሆነ። የዶሮው ወጥና የበጉ ጥብስ በቀረበ ጊዜ የሰጡትን ቃል አሰቡ። ከጥብሱ ጮማ ጮማውን መርጠው፥ ከሳሕኑ ጥግ በተንጣለለው ቅቤ እያጠቀሱ፥ ልጃቸው ወደ ጓዳ ስትገባ ጠብቀው አጎረሱት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ሁለተኛውን፥ ሁለተኛውም ብቻውን እንዳይሆን ሦስተኛውን አስከተሉ። እስከ ማታ ድረስ ሰባት ሆነ።

በዚያው ሌሊት ውሻው ደጋግሞ አስመለሰ። ንጋት ላይ ሽማግሌው ለጸሎት ሲነሡ፥ ደረቱንና የፊት እግሮቹን ከምድር ጥሎ፥ የኋላ ጎኑን ወደ ላይ አንሥቶ በእልፍኙ መካከል አገኙት። ከሦስት ቀን በፊት በስቅለት ዕለት እርሳቸው ራሳቸው ሲሰግዱ ውለው ነበርና ውሻው የሰገደ መሰላቸው፤ ጥቂትም ፈገግ አሉ። ወዲያው ግን ሰውነቱ ሲንቀጠቀጥ አይተው ደነገጡ።

ከእንስሳት ሐኪም ቤት በደረሱ ጊዜ ሐኪሟ ሆዱን ገና ስትነካው ጮኸ። ያ ስግደት የመሰላቸው ነገር ሆዱን ክፉኛ የሚያመው ውሻ ሥቃዩን ለማቅለል የሚያደርገው አኳኋን መሆኑን ነገረቻቸው። ቀጥላም «ምን በልቶ ነበር?» ብላ ጠየቀች። ልጃቸው «ከራሱ ምግብ በቀር ምንም» ብላ መለሰች። ሽማግሌው ዝም አሉ። 34 ዓመት በተማሪዎች ፊት ቆመው «እውነቱን ተናገሩ» ሲሉ የኖሩ ሰው፥ በባዕድ አገር በአንዲት ወጣት ሐኪም ፊት አንደበታቸው ታሰረ። የልጅ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ታለቅስ ነበር። በመጨረሻ «ልጄ፥ ንገሪያት፤ እኔ ነኝ። ሰባት ጊዜ ጮማ አጉርሼዋለሁ» አሉ። ሕፃኒቱ ይህን በሰማች ጊዜ እጃቸውን ለቀቀች።

ቆሽት ከጨጓራና ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ አጠገብ የተጋደመ ዕጢ ነው። ከሥራውም አንዱ ስብንና ሥጋን የሚፈጭ ጭማቂ አዘጋጅቶ ወደ አንጀት መላክ ነው። በጤና ጊዜ የዚህ ጭማቂ ኃይል የሚነቃው ከአንጀት ሲደርስ ነው። ቆሽት በታመመ ጊዜ ግን ገና በዕጢው ውስጥ ሳለ ይነቃና የወጣበትን ቤት ራሱን ይፈጨዋል። እንግዲህ ሰው «ቆሽቴ አረረ» የሚለው በምሳሌ ነው፤ በውሻው ላይ ግን ነገሩ በእውነት ደርሶበታል። የበሽታው መነሻ ብዙ ጊዜ ተለይቶ አይታወቅም፤ ሆኖም ቅባት የበዛበት ምግብ ከታወቁት ቀስቃሾች አንዱ ነው። ቡቺም ሚኒያቸር ሽናውዘር ከሚባለው ከጀርመን አገር ዘር ነበር፤ የዚህ ዘር ውሾች ደግሞ ብዙዎቹ በተፈጥሮ ደማቸው ስብ የሚበዛበት ስለ ሆነ ለዚህ ሕመም የቀረቡ ናቸው። ሐኪሟ በደም ምርመራና በአልትራሳውንድ ይህንኑ አረጋገጠች።

ሽማግሌው «ምን ያህል ቢሆን ነው? አንድ ማንኪያ ቅቤ ሰው ይገድላልን?» ብለው በልባቸው ተከራከሩ። ሐኪሟ ግን በወረቀት ላይ አሰላችላቸው። 7 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ዐርፎ ሲውል በቀን የሚያስፈልገው 300 ካሎሪ ያህል ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ብቻውን 120 ካሎሪ ያህል አለው። ለእርሳቸው አንድ ማንኪያ የሆነው ለውሻው አምስት ስድስት ማንኪያ ነበር። አስተማሪ ናቸውና በቁጥር ፊት ክርክራቸውን ተዉ። በወጡ ውስጥ ያለው ሽንኩርትም የውሻን ደም የሚጎዳ መርዝ መሆኑን በዚያው ቀን ሰሙ።

ከዚህ በኋላ ሽማግሌው «እንግዲያስ ይጹም» አሉ። የቀድሞ የእንስሳት ሐኪሞችም ሐሳባቸው ይኸው ነበር፤ ቆሽቱ እንዲያርፍ ብለው የታመመውን ውሻ ሁለት ሦስት ቀን ከምግብ ይከለክሉት ነበር። የዛሬው ትምህርት ግን ከዚህ ተለይቷል። አንጀት ግድግዳው የሚጠነክረው በውስጡ በሚያልፈው ምግብ ነው፤ ባዶውን በቈየ መጠን ይደክማል። ስለዚህ ማስመለሱ በመድኃኒት ከተገታና ሕመሙ ከታገሠ፥ ቅባት የሌለውን ምግብ በጥቂት በጥቂቱ ቶሎ መጀመር ይሻላል። ሽማግሌው በሕይወታቸው ሁለት ነገር ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ እነርሱም ጾምና ድግስ ናቸው። ከሁለቱ መካከል ያለውን ቀጭን መንገድ የሚማሩት ገና አሁን ነበር።

ውሻው በደም ሥሩ ፈሳሽ፥ የሥቃይ ማስታገሻና ማስመለስን የሚከለክል መድኃኒት እየተሰጠው ሁለት ሌሊት ከሐኪም ቤት ዐደረ። ወደ ቤት በተመለሰ ጊዜ ግን የቀረበለትን ምግብ እያሸተተ ፊቱን አዞረ። ሽማግሌው ጉልበታቸውን እያመማቸው ከወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ በጣታቸው ጫፍ ጥቂት ጠቅሰው ወደ አፉ አቀረቡ። ብዙ ቈየ፤ ከዚያ በኋላ ላሰው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማብላቱ ሥራ የእርሳቸው ሆነ። ቆዳውን የገፈፉትን የዶሮ ደረት ያለ ጨው፥ ያለ ቅመም፥ ያለ ሽንኩርት በውሃ ይቀቅሉታል። መረቁን በማቀዝቀዣ ያሳድሩታል፤ በማግሥቱ ከላዩ የረጋውን ስብ በማንኪያ ገፈው ይጥላሉ። ነጭ ሩዝ እስኪላላ ድረስ አብስለው፥ ሁለት እጅ ሩዝ ከአንድ እጅ ዶሮ ጋር ይደባልቃሉ። ከዚያም በሚዛን መዝነው ለአራት ይከፍሉታል፤ አንዱን በጧት፥ አንዱን በቀትር፥ አንዱን በዘጠኝ ሰዓት፥ አንዱንም በሠርክ ይሰጣሉ። ብዙ ምግብ ባንድ ጊዜ ሲገባ ቆሽቱን ያስጨንቀዋልና። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅቤ ያልፈሰሰበት ማእድ ለእንግዳ ውርደት ነው ሲሉ የኖሩ ሰው፥ አሁን ቅቤ የመሰለውን ሁሉ ከመረቅ ላይ እያሳደዱ የሚገፉ ሆኑ። እንዲህ ያለው ምግብ ካልሲየምና ሌላም የሚያስፈልግ ነገር ስለሚጐድለው ለዘወትር አይበቃም፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሐኪሟ ቅባቱ አነስተኛ ሆኖ ወደ ተዘጋጀ የውሻ ምግብ ቀስ በቀስ አሻገረችው። ሚዛኑና ሰዓቱ ግን አልተለወጠም።

አንድ ቀን ከአገር ቤት የመጡ እንግዳ ከማእድ ቀርበው ሳለ ውሻውን አይተው አዘኑለት፤ ከሥጋቸውም ቈርጠው ሊሰጡት እጃቸውን ዘረጉ። ሽማግሌው ያዟቸው። እንግዳው «ወንድሜ፥ አሜሪካ ንፉግ አደረገህን? ለውሻ ጉርሻ ትከለክላለህ?» ብለው ሣቁ። በደብረ ብርሃን ቢሆን ይህ ቃል ለሽማግሌው ከዱላ በላይ በሆነ ነበር። እርሳቸው ግን ቃሉን ዋጡት፤ እንግዳውንም ሌላ ጮማ አጎረሱ፤ ውሻው ግን ሰዓቱን ጠበቀ።

የልጅ ልጃቸው ይህን ሁሉ ከበሩ ሥር ቆማ ታይ ነበር። ሠርክ በሆነ ጊዜ ሚዛኑን ራሷ አምጥታ ከፊታቸው አኖረች፤ «አባባ፥ ሰዓቱ ደርሷል» ብላም እጃቸውን ያዘች።

የሚሰጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው የእጁን ስፋት ነው፤ የተቀባዩን ሆድ የሚያይ ጥቂት ነው። ሰባቱ ጉርሻ ያለ ጥርጥር ከፍቅር የወጣ ነበር፤ ነገር ግን የሽማግሌውን ልብ አጠገበ እንጂ ውሻውን አልጠቀመም። በጣት ጫፍ የቀረበችው ያች ቅንጣት ግን፥ እንግዳ «ንፍገት» ብሎ ቢሰድባትም፥ የውሻውን ሕይወት አተረፈች። አሁን ቡቺ ማታ ማታ ከሽማግሌው እግር ሥር ተዘርግቶ በጎኑ ይተኛል፤ እርሳቸውም ሌሊት ሲነሡ አስቀድመው የሚያዩት አተኛኘቱን ነው።