በጨረቃ ላይ ያለው ብሩስ

ለአንድ ነገር ስም ማውጣት ያን ነገር ከሌላው ለይቶ ማየትን ይጠይቃል። ተለይቶ ያልታየ ነገር ስም የለውም፤ ስም የሌለውም ነገር ከትውልድ ወደ ትውልድ አይተላለፍም። ይህ እውነት በምድር እንደሚሠራ ሁሉ በጨረቃም ይሠራል።

በዳንግላ የጨረቃን ካርታ ዘርግቼ ሳስተምር፣ ከመካከሉ «ብሩስ» የሚል ስም ያነበበ አንድ ተማሪ፣ «መምህር፣ ይህ የዓባይን ምንጭ ሊያይ የመጣው ሰው ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ያለ ምክንያት አልነበረም። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ ደርሶ ነበርና። ፔድሮ ፓኤዝም በ1618 እ.ኤ.አ. ቀድሞት አይቶታል፤ ለባላገሩ ግን ምንጩ ከሁለቱም በፊት የታወቀና ስም ያለው ነበር።

የጨረቃው ብሩስ ሌላ ነው። ስሙ በ1816 እ.ኤ.አ. ተወልዳ በ1900 እ.ኤ.አ. ያረፈችው አሜሪካዊት የካትሪን ዎልፍ ብሩስ መታሰቢያ ነው። ይህች ሴት ሀብቷን ለከዋክብት ተመራማሪዎች መሣሪያ ማሠሪያ አዋለች። በገንዘቧ የተሠራው ባለ 24 ኢንች ቴሌስኮፕ ፔሩ ድረስ ተወስዶ የደቡቡን ሰማይ ፎቶግራፍ አነሳ።

ስሟን የተሸከመው ጎድጓዳ በሚታየው የጨረቃ ገጽ መካከል፣ የረጋ የቀለጠ ድንጋይ በሸፈነው ሜዳ ላይ ይገኛል። ክብ ሆኖ ስፋቱ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከእርሱ ብዙም ሳይርቅ 5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋው ብላግ አለ። እንግሊዛዊቷ ሜሪ ብላግ የተዘበራረቁትን የጨረቃ ስሞች መርምራ ያስተካከለች ናት፤ ከካርል ሙለር ጋር ያዘጋጀችው ዝርዝር በ1935 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ሥራ ሆኖ ታተመ። እነሆ፣ ዓይን የገዛችና ስም ያቀናች በጨረቃ ላይ ጎረቤታሞች ሆኑ።

የጎድጓዳውን መልክ ለማስረዳት ከካርታ ይልቅ ዘንገና ይሻላል። ከእንጅባራ ወደ ቲሊሊ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ይህ ሐይቅ ስፋቱ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱም እስከ 166 ሜትር ነው። ከጠርዙ ቆሞ ቁልቁል የተመለከተ ተማሪ የጨረቃን ጎድጓዳ ቅርጽ ይረዳል። አፈጣጠራቸው ግን ለየቅል ነው፤ ዘንገናን የከፈተው ከምድር ውስጥ የፈነዳ እሳተ ገሞራ ሲሆን፣ ብሩስን የቆፈረው ከሰማይ የወረደ ድንጋይ ነው። ዘንገናን ውሃ ሞላው፤ ዝናብ የማያውቀው የጨረቃ ጎድጓዳ ባዶውን ቀረ። የዘንገናን ስም ያጸደቀ ጉባኤ የለም፤ በዙሪያው የኖረ ሕዝብ ጠራው፣ ልጆቹም ተቀበሉት።

የእኛ ስም በሰማይ ጨርሶ የለም ማለት አይቻልም። በ2019 እ.ኤ.አ. ኅብረቱ አገሮችን ስም እንዲያወጡ በጋበዘ ጊዜ፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና»፣ የሚዞረውም ፕላኔት «አቦል» ተብሏል። ይህ የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን ተጋብዞ ስም መስጠት አቦሉ ብቻ ነው። ቶናውና በረካው የሚቀዱት ልጆቻችን በራሳቸው ዓይን ሰማይን አይተው መለየት ሲጀምሩ ነው። ለዚህም ትምህርት ቤቶቻችን ካትሪን ብሩስን የሚመስሉ ሰዎች ያስፈልጓቸዋል፤ ተመራማሪ ባይሆኑም ለተማሪ አንድ ቴሌስኮፕ ለመግዛት እጃቸውን የሚዘረጉ።