ዓሣን ማብላትም በብልሃት ነው

መካነ ሰላም ላይ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሁሉ መልሴን ሲሰማ ትንሽ ዝም ይል ነበር። «ዓሣ አበላለሁ» ነበር የምለው። ከዝምታው በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ከሁለት አንዱ ነበር፤ ወይ «እዚህ ብርድ አገር ዓሣ ከየት መጣ?»፣ ወይ ደግሞ «ዓሣ ውሃው አይበቃውም እንዴ?»። ሁለቱም ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ሰሞኑን ስለ ኩሬ ዓሣ ብዙ ሰው ሲጽፍ አያለሁ፤ ኩሬ ስለመቆፈር፣ ስለ ትርፉ፣ ስለ ገበያው። ስለ ማብላቱ የሚጽፍ ስላጣሁ በእጄ የነካሁትን ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

የወሎ ቦረና ሰው ዓሣ አያውቅም ማለቴ አይደለም። ወደ ምዕራብ ቁልቁል ከወረዳችሁ ዓባይ አለ፤ የበሽሎና የወለቃ ወንዞችም ወደዚያው ይገባሉ። ቆላ ወርዶ አምባዛና ነጭ ዓሣ ይዞ የሚመለስ ሰው ልጅ ሆኜም አይቻለሁ። ያ ግን ወንዙ ያሳደገው ዓሣ ነው። ሲበርደው ወደ ጥልቁ ይወርዳል፣ ሲርበው ይሄዳል፣ ውሃው ሲከፋበት ሌላ ውሃ ይፈልጋል። ኩሬ ውስጥ ያለው የትም አይሄድም። የሚሄድበትን መንገድ የዘጋንበት እኛ ስለሆንን፣ ወንዙ ያደርግለት የነበረውን ሁሉ የማድረግ ዕዳ የእኛ ነው። እኔ ሥራዬን የምረዳው እንዲህ ነው።

ኩሬ ውስጥ የምናረባው በአብዛኛው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው። ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል፤ ደህና የሚበላውና የሚያድገው ውሃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። ጣና 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ እዚያ ተመችቶት ይኖራል። የራሳችን የወሎው ሐይቅም ዛሬ በቆሮሶው ይታወቃል፤ ግን እዚያ የገባው በሰው እጅ ነው፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ። ይህን ለገበሬዎች ስነግራቸው ይገረማሉ፤ የሐይቅ ዓሣ እዚያው ካለው የእስጢፋኖስ ገዳም እኩል የቆየ ይመስላቸዋል። መካነ ሰላም ግን ከ2500 ሜትር በላይ ናት። ታኅሣሥ ጠዋት ቴርሞሜትሬን ኩሬው ውስጥ አስገብቼ 13 ዲግሪ ያነበብኩበት ቀን አለ። በዚያ ብርድ ቆሮሶ አይሞትም፣ ግን አይበላም። ግርጌው ላይ ተጠጋግቶ ዝም ይላል። ሆዱ ያለውን እንኳ መፍጨት አይችልም።

ሥራው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፤ ከተፈጥሯችን ጋር ስለሚጋጭ።

እኛ ወሎ ውስጥ ያደግን ሰዎች ፍቅራችንን የምናሳየው በማብላት ነው። እንግዳ ጠገብኩ ሲል አንሰማም። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «ይቺን ብቻ» እያልን አንድ ጉርሻ እንጨምራለን። እንቢ ያለን እንቀየመዋለን። ዓሣ ፊት ስቆም መጀመሪያ የተማርኩት ይህንን መተው ነው። ዓሣ «በሞቴ» አያውቅም። ያልበላው መኖ ወደ ታች ወርዶ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል፣ ዓሣው የሚተነፍሰውንም ኦክስጅን ይበላበታል። የበዛ ቸርነት ውሃውን መርዝ ያደርገዋል። ላም ስትታመም ታቃስታለች፣ በግ ይጮኻል፤ ዓሣ ግን ድምፅ የለውም። ሲብስበት ብቻ፣ ጎህ ሲቀድ፣ አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ አየር ይጎርሳል። ያንን ያየ ሰው አይረሳውም።

እኔ አይቻለሁ። ጥፋቱም የእኔ ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ አዛውንት ኩሬ ነበራቸው፤ «አባባ» ነው የምላቸው። 10 በ15 ሜትር፣ ጂኦመምብሬን ላስቲክ የተነጠፈበት፣ 300 ዓሣ የተጨመረበት። ሒሳቡን በቃል ልንገራችሁ፣ የሥራው ልብ ስለሆነ። አንዱ ዓሣ በአማካይ 50 ግራም ሲደርስ 300ው ዓሣ 15 ኪሎ ይመዝናል። በሞቃት ቀን የክብደታቸውን 3 ከመቶ ያህል ይበላሉ፤ ያ 450 ግራም ነው፣ ሁለት ቦታ ተከፍሎ። መኖው የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ ነበር፣ ከቄራ የመጣ የደረቀ ደም ተጨምሮበት። ውሃው ወደ 18 ዲግሪ ሲወርድ ግማሹን መቀነስ፣ ከ16 ሲወርድ ማቆም። ይህን ሁሉ አውቀው ነበር። ተምሬዋለሁ፣ ጽፌዋለሁ፣ ለሌሎችም አስተምሬዋለሁ።

ጥር ላይ ግን አባባ በየቀኑ ጣሳቸውን ይዘው ኩሬው ዳር ቆመው ይጠብቁኛል። «አባባ፣ ዛሬ አይበሉም» እላቸዋለሁ። «ምነው ልጄ፣ ጾም ነው እንዴ?» ይሉኛል፤ ፊታቸው ላይ ያለውን ሐዘን ብታዩት። የገዛ እንስሳውን አላበላም ብሎ የተቀመጠ ገበሬ የት አለ? እኔም ልቤ ራራ። «እሺ፣ ትንሽ ብቻ» አልኩ። ትንሹ በየቀኑ ሆነ። መኖው ከታች ሲጠራቀም ብርዱ አቆየው፤ ብዙም አልበሰበሰም፣ ውሃውም ደህና መሰለኝ። የካቲት ላይ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ግርጌው ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ መብላላት ጀመረ። ከዚያ ሁለት ቀን ደመና ሆነ። ኩሬ ውስጥ ኦክስጅን የሚሠራው አረንጓዴው አልጌ ነው፤ ፀሐይ ካላገኘ አይሠራም፣ ማታ ደግሞ እሱ ራሱ ይተነፍሳል። እኛ ደጋ ላይ ስለሆንን አየሩም ስስ ነው፣ ውሃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ያ ሁሉ ተደማምሮ በሦስተኛው ሌሊት ደረሰ።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተደውሎልኝ ስሮጥ ደረስኩ። የውሃው ፊት ሁሉ አፍ ነበር። አባባ ሱሪያቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ገብተው በጣሳው ውሃ እየቀዱ ከፍ አድርገው ያፈስሳሉ፤ ማንም ሳይነግራቸው፣ አየር እንዲገባበት። ልጆቹም ባልዲ ይዘው እንዲሁ ያደርጋሉ። ፀሐይ እስክትጠነክር አላቆምንም። 41 ዓሣ ሞተ። ቁጥሩን የማስታውሰው የለቀምኳቸው እኔ ስለሆንኩ ነው። አባባ ምንም አላሉኝም። ቡና ተፈልቶ ዱዓ ከተደረገ በኋላ ብቻ፣ «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንሽ ብቻ የሚባል ነገር የለኝም። ያረጀ ወንፊት በአራት ገመድ አስሬ መኖውን በእሱ ላይ አድርጌ ነው ወደ ውሃው የማወርደው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አወጣዋለሁ። ባዶ ከሆነ ጨምሬ አወርዳለሁ፤ ከተረፈ የተረፈውን አውጥቼ ለዶሮ እሰጣለሁ፣ የዚያ ቀን ማብላት አበቃ። የማበላውም ጠዋት አይደለም። ደጋ ላይ ውሃው የሚሞቀው ዘግይቶ ስለሆነ ከ6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ሳልሞን የሚያረቡት ባለሙያዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ውሃ ውስጥ ያለ ካሜራ በስክሪን እያዩ ነው የሚያበሉት። የሚያዩት ዓሣው ሲበላ ብቻ አይደለም፤ ሳይበላ የሚሰምጠውን መኖ ነው፤ እሱን ሲያዩ ማብላቱን ይቆርጣሉ። የእኔ ወንፊት ከእነሱ ካሜራ ጋር አንድ ሥራ ነው የሚሠራው ብዬ አምናለሁ።

የዓሣ ጫጩት ማጓጓዝም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ከመንገድ በፊት አንድ ሁለት ቀን እንዳይበሉ ይደረጋል፤ በልተው ከተጫኑ የጫኑበትን ውሃ በኩሳቸው ያበላሹታል። ኦክስጅን በተሞላ ላስቲክ ውስጥ ታስረው ይመጣሉ። በጉንደወይን በኩል የሚመጣ መኪና ዓባይ በረሃ ወርዶ እንደገና ወደ እኛ ብርድ ይወጣል። እንዲህ ያለ መንገድ የመጣን ጫጩት በቀጥታ ኩሬ ውስጥ መድፋት መግደል ነው። ላስቲኩ ሳይፈታ ውሃው ላይ መንሳፈፍ አለበት፣ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ፣ የሁለቱ ውሃ ሙቀት እስኪቀራረብ። ከዚያ የኩሬውን ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ፣ ራሳቸው ዋኝተው እንዲወጡ መተው ነው። አንድ ጊዜ፣ የትኛው ፕሮጀክት እንደሆነ አልናገርም፣ የምረቃ ቀን ነበር። እንግዶች መጥተዋል፣ ፎቶ አንሺው ተዘጋጅቷል፣ ምሳው ደርሷል። «ሃያ ደቂቃ ስጡኝ» ብዬ ለመንኩ። አልተሰጠኝም። ላስቲኩ ተፈትቶ ተደፋ፣ ተጨበጨበ። በሦስተኛው ቀን እኔና የኩሬው ጠባቂ ብቻችንን ሆነን የሞቱትን በመረብ ስናወጣ ፎቶ የሚያነሳ አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ማንንም ለማሳጣት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሌማት ትሩፋት መርሃ ግብር ዓሣም ከወተት፣ ከእንቁላልና ከማር ጋር አብሮ ሲነሣ ደስ ብሎኛል፤ የባሕር ዳሩ የዓሣ ምርምር ማዕከልም ለዓመታት የደከመበት ጉዳይ ነው። የሚያመኝ ሌላ ነው። ኩሬ ለመቆፈር በጀት ይያዛል፣ ለላስቲኩ ይያዛል፣ ለጫጩቱ ይያዛል። በየቀኑ ቴርሞሜትር ይዞ ለሚቆመው ሰው አይያዝም። ያለ እረኛ በግ የሚያከፋፍል አገር የለም። ዓሣን ግን ያለ እረኛ እናከፋፍላለን፤ ከዓመት በኋላ ኩሬው የእንቁራሪት ሲሆን «ዓሣ ለደጋ አይሆንም» ብለን እንዘጋዋለን። እርግጥ ነው፣ ደጋ ላይ ቆሮሶ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ለገበታ እስኪደርስ ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ብርድ የሚችለው ካርፕ የሚሻልበት ቦታ አለ። በባሌ ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ ትራውት ገብቶ መኖር ችሏል። ምርጫው አለ። ማንኛውም ምርጫ ግን ሰው ይፈልጋል።

ቆላ ወርጄ የሠራሁበት ጊዜም ነበር፤ እዚያ ችግሩ ተቃራኒው ነው፣ ቆሮሶ ያለ ልክ ይራባና ኩሬውን በጣት በሚያክል ዓሣ ይሞላዋል። እዚያ ነው አንዲት ዓሣ ያስተማረችኝ። ለናሙና መረብ ጥለን ስንመዝን አንዷ አፏን ግጥም አድርጋ ይዛለች። እጄን ውሃ ነክሬ ነው የምይዛቸው፤ በደረቅ እጅ የተያዘ ዓሣ ቆዳውን የሚጠብቅለት ዝልግልግ ሽፋን ይነሣበትና ሻጋታ ይይዘዋል። ሆዷ ገብቷል፣ ከስታለች። ታማለች ብዬ ለብቻዋ ባልዲ ውስጥ አደረግኳት። ትንሽ ቆይታ አፏን ከፈተች፤ ከውስጥ የጤፍ ጭድ የሚያካክሉ፣ ዓይናቸው ብቻ የሚታይ ልጆች ወጡ። ብዙ ናቸው፣ መቁጠር አልቻልኩም። ባልዲውን ሳነቃንቀው ተመልሰው ወደ አፏ ገቡ። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን ሰብስባ በአፏ ትታቀፋለች፣ ከተፈለፈሉ በኋላም ትጠብቃቸዋለች፤ አሥር ቀን፣ ሁለት ሳምንት። በዚያ ጊዜ አትበላም፤ ብትበላ ልጆቿን ትውጣለች። እኔ መኖ እንቢ አለች ብዬ ስማቸውን «ሕመምተኛ» ብዬ የመዘገብኳቸው ስንቶቹ እንዲህ እንደነበሩ አሰብኩ። መዝገቤን ይዤ ቁጭ አልኩ። ወደ ኩሬዋ ስመልሳት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የእኔ ውል ያለቀው ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ነው። አሁን የምኖረው ሌላ ቦታ ነው። ቴርሞሜትሩን ለአባባ ትቼላቸው መጣሁ፤ ማንበብ አይችሉም ነበር፣ የልጅ ልጃቸው ቁጥሮቹን አስተማራቸው። 16 ላይ ቀይ ክር አሰርኩላቸው።

በዚህ ሰሞን ብርዱ ሲገባ ስልኬ ይጮኻል። አባባ ናቸው። እንደ ቀድሞው «እንዴት አደርሽ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ አገሩ እንዴት ነው» ብለው አይጀምሩም።

«ከክሩ በታች ነች ልጄ። አላበላኋቸውም» ይሉኛል፤ ሰላምታው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።