የተሸናፊ ጭብጨባ

የቼዝ ወዳጅ የሆነ ሰው ሁሉ ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይክያቪክ የተደረገውን ስድስተኛውን ጨዋታ ሳያነሣ አይቀርም። አሜሪካዊው ፊሸር ጨዋታውን የሚከፍተው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በንጉሡ ፊት የቆመውን ወታደር በማራመድ ነበር። በዚያን ቀን ግን ልማዱን ትቶ በንግሥቲቱ ወገን ከዳር ሦስተኛ የሆነውን ወታደር ሁለት ቤት አራመደ፤ አከፋፈቱም ወደ «ንግሥት ጋምቢት» ዞረ። የዓለሙ ሻምፒዮን የሶቪየቱ ስፓስኪ የሚተማመንበትን የታርታኮወር መከላከያ ቢያቆምም ከ41ኛው እርምጃ በኋላ እጁን ሰጠ፤ እኩል የነበረውም ነጥብ 3½ ለ2½ ሆነ።

እኔ ይህን ጨዋታ በገበታዬ ላይ ደጋግሜ ስደረድር ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የአሸናፊው ብልኀት አይደለም፤ ስፓስኪ ዘውዱ ሲናወጥ እያየ ከተመልካቹ ጋር ለባለጋራው ማጨብጨቡ ነው። ሁለቱ መንግሥታት በብርቱ ይፎካከሩ በነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ልማድን ትቶ መጀመር ድፍረት ይጠይቃል፤ ድል የነሣንን ሰው ማመስገን ግን ከዚያ የበለጠ ልብ ይሻል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በየመሥሪያ ቤታችንና በየትምህርት ቤታችን ከእኛ የተሻለ ሐሳብ ያመጣ ባልደረባ ሲነሣ ስንቶቻችን እናጨበጭብለት ይሆን?